ሁለት መኪና፣ አንድ ገጽ፦ የእትዬ የስፌት ጠረጴዛ እንዴት ተሠራ

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የሐበሻ ቀሚስ የሚሰፉ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም። ሰፈሩ እትዬ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ሁለት የስፌት መኪና አላቸው። አንዱ በእግር የሚረገጥ የድሮ ሲንጀር ነው። ሌላው ልጃቸው ከዱባይ የላከችላቸው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ዚግዛግም የቁልፍ ቀዳዳም ይሠራል። ሁለቱም መኪኖች ጤነኞች ናቸው። የታመመው የተቀመጡበት እንጨት ነው።

የሲንጀሩ ጠረጴዛ በግራ በኩል አብጦ ተላልጧል። ጨርቅ ሲጎተትበት ይቧጭራል። የኤሌክትሪኩ መኪና ደግሞ አንድ እንጨት ቤት በሠራላቸው ተራ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እዚያ ላይ ሲሰፉ ትከሻቸው ይነሳል። ማታ አንገታቸውን ማዞር ያቅታቸዋል። "ዕድሜ ነው ልጄ" ይሉኝ ነበር። ዕድሜ አልነበረም፤ ጠረጴዛው ነው።

እኔ በእንጨት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህን ሥራ ከልኬቱ እስከ ርክክቡ የምጽፈው፣ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ብዙ ቦታ "ትንሽ ሥራ ነው" ተብሎ ስለሚገፋ ነው። እትዬም ከእኔ በፊት ዞረው ዞረው ነበር። ግማሹ "አንሠራም" አላቸው። ግማሹ ያለውን ጠረጴዛ አሳይቶ "ይሄ ይበቃዎታል" አላቸው። የእንጨት ቤቶቹን ምክንያት አውቀዋለሁ። ማሽን ለአንድ ጠረጴዛ ማስተካከልና ለአሥር ማስተካከል የሚፈጀው ጊዜ ያው ነው። የኪችን ካቢኔትና የቁም ሳጥን ትዕዛዝ ያለው ቤት፣ ለአንዲት ልብስ ሰፊ ቀዳዳ ሲለካ ቢውል አያዋጣውም። ነገር ግን ልብስ ሰፊ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው እዚያ ዕቃ ላይ ነው። እንጀራውም ጀርባውም ያለው እዚያ ነው። በእኔ እምነት ከሳሎን ሶፋ በፊት መታሰብ ያለበት እሱ ነው።

የተጠየቀውና የተፈለገው

ትዕዛዙ የመጣው ከዱባይ ነው። ልጃቸው በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ካቢኔት ነው። መኪናው በሊፍት ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ጎንና ጎኑ ይታጠፋል። ከታች ጎማ አለው። "ልክ እንደዚህ አድርገህ ሥራላት፣ ብሩ ከእኔ ነው" አለችኝ። ለእናቷ የምታስብ ጥሩ ልጅ ናት። ችግሩ ፎቶው ውስጥ ያለው ቤት ለብቻው የስፌት ክፍል ያለው ቤት መሆኑ ነው። የእትዬ ቤት ባለ አንድ መኝታ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ቡና ይፈላል፣ ደንበኛ ልብስ ይለካል፣ ማታ የልጅ ልጅ ይተኛበታል።

እትዬን ብቻቸውን ስጠይቃቸው ሌላ ነገር ነገሩኝ።

"እኔ ሊፍቱን ምን አደርገዋለሁ? ቀሚሱ መሬት እንዳይነካብኝ ብቻ አድርግልኝ።"

ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከፎቶው በላይ ጠቀመችኝ። ሙሉ የሐበሻ ቀሚስ ሲገጣጠም ቀላል አይደለም። ጥለቱ፣ ገበሩ፣ ታች ያለው ሰፊ ዙሪያው አለ። ከመርፌው በስተቀኝ ያለው የመኪናው ክንድ ስለሆነ፣ የጨርቁ አብዛኛው ክፍል የሚወርደው በግራ ነው። በግራ በኩል የሚቀበለው ጠረጴዛ ከሌለ ጨርቁ በራሱ ክብደት ወደ መሬት ይሄዳል። ያኔ ስፌቱን ይጎትተዋል፤ መስመሩ ይጣመማል። ነጩ ጨርቅም ይቆሽሻል። እትዬ ይህን ለመከላከል በግራ ጉልበታቸው ጨርቁን ደግፈው ነበር የሚሰፉት። ዓመታት እንደዚያ ሠርተዋል።

ሁለተኛው ፍላጎታቸው ሲንጀሩ እንዳይጣል ነው። ልጃቸው በስልክ "ያንን አሮጌ ሽጪውና ቦታ ይስፋሽ" ስትላቸው ሰምቻለሁ። እሳቸው አይሸጡትም። መብራት ሲጠፋ የሚሰፉት በሱ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ትዕዛዝ ሲደራረብ፣ ለደንበኛ "መብራት ጠፍቶ ነው" ማለት አይቻልም። ደግሞ ሲንጀሩ ወፍራም ጨርቅ ላይ እጅ አይሰጥም።

ስለዚህ ፎቶውን አስቀምጠን ጥያቄውን እንደገና ጻፍነው። ሁለት መኪና፣ አንድ ሳሎን፣ መሬት የማይነካ ቀሚስ። በዚህ ላይ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ስለሆነ ሁሉም ነገር ተፈታቶ በጠባቡ ደረጃ መውጣት አለበት።

መጀመሪያ ሲሰፉ ማየት

ሜትሩን ከኪሴ ሳላወጣ አንድ ቀሚስ ሲሰፉ ተቀምጬ አየሁ። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼም እመክራለሁ። ደንበኛ የሚፈልገውን ሲናገር ግማሹን ይረሳል። እጁ ግን አይረሳም። እትዬ መቀስ ሲፈልጉ ያለማየት ወደ ቀኝ እንደሚዘረጉ፣ ስፒል አፋቸው ላይ እንደሚይዙ፣ ስፌት ሲጨርሱ ተነስተው አልጋ ላይ እንደሚተኩሱ ያየሁት በዚያን ጊዜ ነው። ይህን አንዱንም አልነገሩኝም ነበር።

ከዚያ ለካሁ። ተራው ጠረጴዛ ከፍታው 75 ሳንቲ ሜትር ነው። የኤሌክትሪኩ መኪና መርፌ የሚወርድበት ብረት ደግሞ ከመኪናው ሥር 9 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ሲደመር እጃቸው የሚሠራው 84 ላይ ነው። እትዬ አጭር ናቸው። በነበራቸው ወንበር ሲቀመጡ ክርናቸው ከመሬት 67 ላይ ነው። በክርናቸውና በሥራቸው መካከል 17 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አለ። ያንን ልዩነት ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው ትከሻቸው ነው።

ተራውን ጠረጴዛ የሠራው ሰው ሥራው መጥፎ አልነበረም። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው፣ አይነቃነቅም። ግን የለካው ጠረጴዛ ነው። ሴትየዋንና መኪናውን አልለካም። ለመብልና ለመጻፍ 75 ጥሩ ከፍታ ነው። ላዩ ላይ መኪና ሲቀመጥበት ግን ሌላ ዕቃ ይሆናል።

ቀጥሎ ሲንጀሩን ለካሁ። የሲንጀሩ እግር በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ የተሠራ ብረት ነው፤ ከነፔዳሉና ከነትልቁ ሽክርክሪት አንድ ላይ የተያያዘ ነው። ከፍ ዝቅ አይደረግም። ጠረጴዛው ሲጨመር ገጹ፣ ማለትም ላይኛው ሰሌዳ፣ 77 ሳንቲ ሜትር ላይ ይመጣል። ሌላው ሁሉ የሚቀየር ነገር ነው፤ ይህ ብቻ አይቀየርም። ስለዚህ ሥራው በሙሉ ከ77 ተነስቶ ተሰላ።

ዕቅዱ እንዲህ ሆነ። ለሲንጀሩ ብረት አዲስ ገጽ ይሠራለታል። ለኤሌክትሪኩ መኪና ሌላ ጠረጴዛ ይሠራል፤ የሱም ገጽ 77 ይሆናል። መኪናው ግን ላዩ ላይ አይቀመጥም፣ 9 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ሁለቱ ጠረጴዛዎች በማዕዘን ይገጠማሉ። ሲንጀሩ መስኮቱን ያያል፣ ሁለተኛው ከግራው ይነሳል። በሲንጀር ሲሰፉ ቀሚሱ በግራ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ወንበራቸውን ወደ ግራ አዙረው በኤሌክትሪኩ ሲሰፉ ደግሞ በግራቸው የሚታጠፍ ክንፍ ይከፈታል። በሁለቱም በኩል ጨርቁ መሬት አያይም።

67 እና 77 ግን አሁንም አሥር ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ። እሱን በበርጩማ አስተካከልነው። ከወንበራቸው 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ በርጩማ ሠራሁላቸው። ስፌት ዓይን የሚፈልግ ሥራ ስለሆነ፣ ገጹ ከክርን ትንሽ ከፍ ቢል አይጎዳም። የሲንጀሩ ፔዳል ራሱ ከመሬት ከፍ ያለ ነውና እግራቸው ይደርስበታል። ለኤሌክትሪኩ ፔዳል ደግሞ ዘንበል ያለ የእግር ማሳረፊያ ተሠራ፤ ፔዳሉ እሱ ላይ ይቀመጣል።

የሲንጀሩ ገጽ ለምን ተላለጠ

አሮጌውን ገጽ ፈትቼ ሳወጣው ምክንያቱ ተገለጠልኝ። አይዛክ ሲንጀር የመኪናውን ፈጠራ ያስመዘገበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1851 ነው። ኩባንያው ደግሞ በ1868 አሜሪካ ውስጥ፣ ኢንዲያና ግዛት፣ ሳውዝ ቤንድ ከተማ ላይ የጠረጴዛና የካቢኔት ፋብሪካ ከፈተ። አካባቢው ጠንካራ እንጨት ያለበት ደን ነበር። እነዚያ የድሮ ገጾች ብዙዎቹ ከአንድ ወጥ ጣውላ የተሠሩ አይደሉም። ስስ ስስ እንጨት ተደራርቦ በኮላ ተጣብቆ ነው። አሠራሩ ብልህ ነው፤ ገጹ እንዳይጣመም ያደርገዋል። በዚያ ዘመን የነበረው ኮላ ግን ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነበር። ደረቅ ሆኖ ከተያዘ ትውልድ ያልፋል። ውሃና ሙቀት አንድ ላይ ሲያገኙት ግን ይቀልጣል።

እትዬ አልጋው ላይ መተኮስ ከመጀመራቸው በፊት፣ ለረጅም ጊዜ የሲንጀሩ ግራ ጎን ላይ ነበር የሚተኩሱት። ጨርቁን ውሃ እያርከፈከፉ፣ በትኩስ ካውያ። ገጹ የተላለጠው ልክ እዚያው ቦታ ላይ ነው። በስተቀኝ ያለው ግማሽ ዛሬም ድርቅ ያለ ነው።

ይህን ማወቅ ሁለት ነገር ቀየረ። አንደኛ፣ ለአዲሱ ገጽ ውሃ የሚችል ኮላ ተጠቀምኩ። ሁለተኛ፣ መተኮሻ ወደ ዕቅዱ ገባ። አሮጌ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት፣ በነጭ አቡጀዲ የተለበጠ ሰሌዳ ነው። ከሁለተኛው ጠረጴዛ ሥር እንደ መሳቢያ ይገባል። ሲፈለግ ተስቦ ገጹ ላይ ይደረጋል። እትዬ መተኮሻ አልጠየቁም። ግን እሱ ባይሠራ አዲሱም ገጽ ካውያ አያመልጥም ነበር።

እንጨቱ

ቤተሰቡ ዋንዛ ፈለገ። እኔም ዋንዛ እወዳለሁ። ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ብዙ አይጣመምም፣ ቀለሙ ያምራል። ግን ዋንዛ እንደ ድሮው አይቆረጥም፤ መቆረጥም የለበትም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ አሮጌ ዋንዛ ፍለጋ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ከፈረሰ አልጋ የወጣ ወፍራም ጣውላ አገኘሁ። ምስማሩን ነቅሎ ማጽዳት ሥራ አለው። ጥቅሙ ደግሞ ዓመታት ቤት ውስጥ ስለኖረ ደርቆ ያለቀለት መሆኑ ነው። እርጥብ ጣውላ ገዝቶ የስፌት መኪና ቀዳዳ መቁረጥ ትልቅ ችግር ነው። ሲደርቅ ቀዳዳው ቅርጹን ይለውጣል፣ መኪናው አይገባም ወይም ይንገዳገዳል።

ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ለዚህ ግን አይሆንም። ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ኤምዲኤፍም (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ቀርቦልኝ ነበር። ፊቱ ልስልስ ነው፣ ውሃ ሲነካው ግን ያብጣል፤ ጠርዙ ላይ የገባ ብሎንም በሚንቀጠቀጥ ዕቃ ላይ ቆይቶ ይለቃል። ስለዚህ የሲንጀሩን ገጽና የሁለቱንም ጠርዝ ከዋንዛ ሠራሁ። የሁለተኛውን ጠረጴዛ ሰፊ ገጽ ከ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ አደረግኩት፤ እግሩ ዋንዛ ነው። ሰፊ ገጽ ወጥ ጣውላ ከሆነ ክረምት ላይ እርጥበት ስቦ ይሰፋል፣ በጋ ላይ ይጠባል። የሚሰፋውና የሚጠበው በወርዱ ነው እንጂ በርዝመቱ አይደለም። የሲንጀሩ ገጽ ጠባብ ስለሆነ እንቅስቃሴው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ ብረቱ የሚያስሩትን የብሎን ቀዳዳዎች ሞላላ ካደረግኳቸው ይበቃል። እንጨቱ የሚላወስበት ቦታ ያገኛል።

ቀዳዳው

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። የሌሎቹን ክፍሎች ማንም ጎበዝ አናጢ ይሠራቸዋል።

የትልቁ ሲንጀር ጭንቅላት (ከገጹ በላይ ያለው የሚሰፋው ክፍል) የሚቀመጥበት ብረት ወደ 37 በ18 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ማዕዘኖቹ ክብ ናቸው። ግን "ወደ" በሚለው ቃል ቀዳዳ አይቆረጥም። ያንኑ መኪና ራሱን መለካት ነው። መጀመሪያ በካርቶን፣ ቀጥሎ በስስ ኮምፔንሳቶ ልክ አወጣሁ። ጭንቅላቱን ካርቶኑ ውስጥ፣ ከዚያም ኮምፔንሳቶው ውስጥ አስገብቼ ሞከርኩ። እዚያ ላይ ልክ ሲሆን ብቻ ነው ዋንዛውን የነካሁት። ልኩን በሞርሳ አስሬ በራውተር፣ እንጨት በሚቦረቡረው ማሽን፣ ዙሪያውን ተከተልኩት። በዙሪያው የቀረው ክፍተት የአንድ ብር ሳንቲም ውፍረት ያህል ነው። ከዚያ ከጠበበ እንጨቱ ሲላወስ ጭንቅላቱ አይነሳም። ከዚያ ከሰፋ ስፒልና ክር ይገባበታል።

ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ ብረቱ የሚያርፍበት እርከን አለ። ጥልቀቱ ከመኪናው ጠርዝ ውፍረት ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል መሆኑን በጣት ጫፍ ነው የምፈትሸው። ከእንጨቱ ወደ ብረቱ ስታሻግረው ጣትህ ምንም ካልተሰማው፣ ጨርቁም አይሰማውም። ከኋላ ደግሞ ሁለት ማጠፊያዎች አሉ። ዘንጋቸው ጭንቅላቱ ውስጥ ይገባና ከሥር በትንሽ ብሎን ይጠበቃል። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ተገልብጦ ዘይት የሚቀባው፣ ወደ ታች ታጥፎም የሚደበቀው በእነሱ ነው። አሮጌዎቹን ማጠፊያዎች አጽድቼ መለስኳቸው። ጤነኞች ነበሩ።

የቺንጋው ቀዳዳ ከዚያ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቆዳው ቺንጋ ከታች ካለው ትልቅ ሽክርክሪት ተነስቶ፣ በሁለት ቀዳዳ ገጹን አልፎ፣ ላይ ያለውን ትንሹን መዘውር ይዞ ይመለሳል። ቀዳዳው ትንሽ ከሸሸ ቺንጋው እንጨቱን እያሻሸ ይበላል፤ ወይም ከሽክርክሪቱ ይወርዳል። እንደ ዕድል የአሮጌው ገጽ ቀኝ ጎን ደህና ነበር። እሱን አዲሱ ላይ አስተኝቼ፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ በምስማር ጫፍ ምልክት አደረግኩ። አሮጌ ዕቃ እንዳይጣል የምለው ለዚህ ነው፤ ሥራው ተበላሽቶም ልኬቱ ውስጡ አለ።

የኤሌክትሪኩ መኪና ጉዳይ ሌላ ነው። የእነዚህ መኪኖች ቅርጽ በየሞዴሉ ይለያያል፤ በማጠፊያም አይታሰሩም። ስለዚህ ገጹ ላይ ከመኪናው ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን ከፈትኩ። ከሥሩ መደርደሪያ አንጠለጠልኩ። መደርደሪያው በአራት ረጃጅም ብሎን ከነዳዶአቸው ተሰቅሏል። ዳዶውን በማዞር በሚሊ ሜትር ከፍ ዝቅ ይደረጋል። ነገ መኪናው ቢቀየር ጠረጴዛው አይጣልም፤ ዳዶውን ማስተካከልና ዙሪያውን የሚሞላውን ስስ ሰሌዳ መቀየር ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ካለው ሊፍት ይልቅ ይህን የመረጥኩት ለዚህም ነው። ሊፍቱ ሲበላሽ መለዋወጫው እዚህ አይገኝም፤ ዳዶ ግን በየመንደሩ አለ።

ሁለት ነገር ደግሞ እዚህ ላይ አትርሱ። የእትዬ የኤሌክትሪክ መኪና ቦቢን (የታችኛው ክር ማጠንጠኛ) የሚገባው ከፊት ነው። መኪናው ከሰመጠ በኋላ ቦቢን ለመቀየር እጅ የሚገባበት ከሌለ፣ በየደቂቃው መኪናውን ማውጣት ሊሆን ነው። ስለዚህ ከፊት ያለችው ሰሌዳ ለብቻዋ ትነሳለች፤ ጣት የሚገባባት ጎድጓዳ አላት። በስተቀኝ ደግሞ የእጅ መዘውሩን ለማዞር ሙሉ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተትቷል። ገመዱ በኋላ በኩል ይወጣል።

ነጭ ጨርቅ

ለነጭ ሸማ የሚሆን እንጨት እንደ ሌላ የቤት ዕቃ አይለሰልስም። በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ልስልሱ እየሄድኩ 240 ቁጥር ድረስ ወረድኩ። ጠርዞቹን ሁሉ አከበብኳቸው። ከዚያ እትዬ የሰጡኝን የሸማ ቁራጭ በገጹ፣ በጠርዙ፣ በቀዳዳው ከንፈር ላይ ጎተትኩት። ዓይን ያላየውን፣ ጣት ያልሰማውን እሾህ ሸማው ይይዘዋል። የያዘበትን ቦታ በእርሳስ እያከበብኩ እንደገና ፈተግኩት።

ላዩ ላይ ግልጽ ቨርኒሽ ነው የተቀባው። ቀለም ያለው ነገር አልነካሁትም። ዘይትም አልቀባሁትም፤ በደንብ ያልደረቀ ዘይት ነጭ ጨርቅ ላይ ቢጫ ያሳርፋል። ቨርኒሹም ቢሆን ሲነካ ደረቀ ማለት አልቋል ማለት አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አሮጌ አንሶላ እንዲያነጥፉበት ነገርኳቸው።

ከቨርኒሹ ሥር፣ በፊት ጠርዝ በኩል፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ተለጥፏል። እትዬ ጥለት ሲለኩ ሜትር መፈለግ ቀረላቸው። በቀኝ እጃቸው መዘርጊያ ላይ ደግሞ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ገጹ ውስጥ ቀብሬአለሁ፤ ላዩ በስስ ዋንዛ ተሸፍኗል። ስፒል ሲወረወርበት ይይዛል። ስፒል አፍ ላይ መያዝ አደጋ ነው። "አይያዙ" ብሎ መምከር ዋጋ የለውም፤ ማስቀመጫ ቦታ ሲያገኙ ግን ራሳቸው ተዉት።

የጨርቅ መቁረጫ ሰሌዳው ነገር አጭር ነው። የሚገዙት ሸማ ወርዱ ከ85 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ስለዚህ 90 በ150 የሆነ፣ በመሃሉ በማጠፊያ የሚታጠፍ ሰሌዳ ተሠራ። ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ከዚያ በፊት መኪናው ወጥቶ ቀዳዳው በክዳን ይዘጋል። ቆሞ ለመቁረጥ 77 ወገብ ስለሚሰብር፣ ከሥሩ 13 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ቀለል ያለ ሳጥን ይገባል፤ 90 ይሆናል። ሲያበቃ ታጥፎ በሩ ጀርባ ይቆማል።

የታች ጎረቤትም ነበሩ። ማታ የሲንጀሩ ድምፅ ይረብሸናል ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ብረት በኮንክሪት ወለል ላይ ሲንቀጠቀጥ ድምፁ ይወርዳል። በረባሶ ከሚሠራበት አሮጌ የመኪና ጎማ ቁራጭ ገዝቼ ለእያንዳንዱ እግር ማረፊያ ቆረጥኩ። ድምፁ ጨርሶ አልጠፋም። ጎረቤቶቹ ግን ከዚያ ወዲህ አላንኳኩም።

ዋጋው

ሒሳቡን በሦስት ከፍዬ ነው የጻፍኩት። አንዱ የእንጨትና የዕቃ ነው። አንዱ የእጅ ዋጋ። ሦስተኛው የልኬትና የናሙና። ልጃቸው ሦስተኛውን ስታይ ደወለችልኝ።

"ለመለካትም ይከፈላል እንዴ?"

ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው ይጠይቀዋል። ካርቶኑን፣ የኮምፔንሳቶውን ልክና የእናቷን የክርን ልኬት ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። የሥራ ጊዜዬ ሲሶው የሄደው እዚያ ላይ መሆኑን ነገርኳት። ያ ሲሶ ባይኖር ውጤቱ ቀድሞ የነበራቸው ተራ ጠረጴዛ ነው። ገባት። ግማሹን በቀብድ ላከች፣ ቀሪውን በርክክብ።

እኛ ባለሙያዎች የልኬትን ዋጋ እንጨቱ ውስጥ ደብቀን መጠየቅ ለምደናል። እንደዚያ ስናደርግ ደንበኛው "እንጨቱ ተወደደ" ይላል፤ ርካሽ እንጨት እንድናስገባ ይገፋናል። መጨረሻ ላይ ልኬቱም እንጨቱም ይጎዳል። ገልጦ መጻፍ ይሻላል። ትንሽ ሥራ የሚያዋጣው በዚህ መንገድ ነው፤ ደንበኛውም የከፈለው ለምን እንደሆነ ያውቃል። ለእትዬ ደግሞ ካርቶኑንና ልኬቶቹን አስረከብኳቸው። ነገ እኔ ባልኖር ሌላ ባለሙያ ከእሱ ይነሳል።

ከክረምቱ በኋላ

ክረምቱ አልፎ ልጠይቃቸው ሄድኩ። የሲንጀሩ ክፍተት በወርዱ ጥቂት ተለውጧል፤ ግን ጭንቅላቱ ያለችግር ይታጠፋል። የቺንጋው ቀዳዳ ላይ የመሻሸት ምልክት የለም። የትከሻቸው ነገር ቀሏቸዋል። ሙሉ በሙሉ አልተዋቸውም፤ የዓመታት ነገር ነውና። ማታ ግን አንገታቸው ይዞራል። ጉልበታቸው ጨርቅ መደገፍ ትቷል።

አጠቃቀማቸው ከዕቅዱ በአንዳንድ ነገር ይለያል። የሚታጠፈውን ክንፍ ጨርሶ አያጥፉትም፤ እንግዳ ሲመጣ ቡናው የሚቀርበውም እሱ ላይ ነው። የመቁረጫውን ከፍታ ሳጥን ለትልቅ ቀሚስ ብቻ ያወጡታል። ለልጅ ልብስ ተቀምጠው በ77 ይቆርጣሉ። በቀረው ጊዜ ሳጥኑ ተገልብጦ የጥለት ቁርጥራጭ ማስቀመጫ ሆኗል። እኔ አልቃወምም። መተኮሻው ግን ልክ እንደታሰበው ነው የሚሠራው፤ ካውያው ከሱ ውጭ አያርፍም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። የሲንጀሩ ፔዳል የሚወዛወዝበት የብረት ማረፊያ ተበልቷል። ሲረገጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። ዘይት ለጥቂት ቀን ያስታግሰዋል እንጂ አያድነውም። ይህ የእንጨት ሥራ አይደለም። ማረፊያውን ፈትቼ፣ ልኩን ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ፤ የእህታቸው ልጅ ቶርኖ ቤት ይዞት ሊሄድ ተነጋግረዋል። እስከዚያው በኤሌክትሪኩ እየሰፉ ነው።